ኢአርፒኔክስት የተለካ ውጤትን እንዴት ይዳኛል? የጥራት ምርመራ ክፍሉ ሲገመገም

የጥራት ሶፍትዌር የሚያቀርቡ ድርጅቶች ለገዢ ማሳያ ሲያደርጉ በአብዛኛው የሚከፍቱት ባለ ቀለሙን ዳሽቦርድ ነው፤ አረንጓዴና ቀይ ክቦች፣ የወሩ ድምር፣ የአቅራቢዎች ደረጃ። የጥራት ክፍል ሠራተኛ ዕለት ዕለት የሚውልበት ገጽ ግን ያ አይደለም። ሠራተኛው የሚውለው ከመለኪያው ላይ ያነበበውን ቁጥር በሚያስገባበትና ሲስተሙም «ተቀባይነት አለው» ወይም «ውድቅ» ብሎ በሚመልስበት ጠባብ ሠንጠረዥ ላይ ነው። በዚህ ግምገማ የማየውም ያንን ሠንጠረዥ ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ከገባ በኋላ ፍርዱ በምን ደንብ እንደሚሰጥ፣ ደንቡ ለየትኛው ዕቃ እንደሚስማማና የትኛው ላይ እንደሚያሳስት።

ኢአርፒኔክስት ዋና መሥሪያ ቤቱ በሕንድ፣ ሙምባይ የሆነው ፍራፔ የተባለ ኩባንያ የሚያዘጋጀው፣ በጂፒኤል 3 ፈቃድ የሚለቀቅና ምንጭ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ የድርጅት ሥራ አመራር ሶፍትዌር ነው። ሒሳብን፣ ግዢን፣ ሽያጭን፣ ግምጃ ቤትንና ምርትን በአንድ ላይ ይዟል። በራስ ሰርቨር ላይ ሲተከል በተጠቃሚ ቁጥር እየተሰላ የሚከፈል የፈቃድ ክፍያ ስለሌለው፣ በውጭ ምንዛሪ የሚጠየቅ ዓመታዊ ክፍያ ለሚያስጨንቃቸው የአገራችን መካከለኛ ፋብሪካዎች ማራኪ መሆኑ አይገርምም። ነጻ ነው ሲባል ግን ወጪ የለውም ማለት አይደለም፤ ሰርቨሩ፣ የሚተክለው ባለሙያ፣ ሥልጠናውና የመጠባበቂያ ቅጂው ሁሉም ገንዘብ ይጠይቃሉ። በሶፍትዌሩ ውስጥ «ኳሊቲ» የሚባል ራሱን የቻለ ሞጁልም አለ፤ የጥራት ግብ፣ የአሠራር ሥርዓትና የስብሰባ ቃለ ጉባኤ የሚቀመጥበት ነው። ይህኛው ይበልጡን የሰነድ ማኅደር ስለሆነ አልፈዋለሁ። የተለካ ውጤት የሚዳኘው ከግምጃ ቤት ሥራ ጋር በተያያዘው «ኳሊቲ ኢንስፔክሽን» በተባለው ሰነድ ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በቅድሚያ ዕቃው በሚመዘገብበት ገጽ ላይ፣ ገቢ ከመሆኑ ወይም ለደንበኛ ከመላኩ በፊት ምርመራ እንደሚያስፈልገው ምልክት ይደረጋል። ቀጥሎ ለዕቃው የምርመራ ቴምፕሌት ይዘጋጃል፤ ቴምፕሌቱ የሚመረመሩትን ባሕርያት በየረድፉ ይዘረዝራል፣ በቁጥር ለሚለካው ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን ይሰጣል፣ በቁጥር ለማይለካው ደግሞ የሚጠበቀውን ቃል ያስቀምጣል። ዕቃው ሲመጣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ልማድ ሞዴል 19 ከምንለው ጋር የሚመሳሰል የገቢ ሰነድ ይከፈታል፤ የምርመራ ሰነዱም ከእርሱ ላይ ይፈጠራል። መርማሪው ለእያንዳንዱ ባሕርይ እስከ 10 የሚደርስ ንባብ ማስገባት ይችላል። ሰነዱ ሲቀመጥ ሲስተሙ ረድፍ በረድፍ ይፈርዳል፤ አንድ ረድፍ ከወደቀ ሰነዱ በሙሉ ይወድቃል። የግምጃ ቤቱ ቅንብር «አግድ» በሚለው ላይ ከሆነ፣ ምርመራው ያልጸደቀለት ወይም የወደቀ ዕቃ ገቢ ሊሆን አይችልም። «አስጠንቅቅ» በሚለው ላይ ከሆነ ግን መልእክቱ ታይቶ ይታለፋል።

እገዳው የዚህ ክፍል ትልቁ ዋጋ ነው ብዬ አምናለሁ። የላቦራቶሪ ውጤት በወረቀት ላይ ተጽፎ ፋይል ውስጥ በሚገባበት ቤት፣ ውጤቱ እስኪፈረም ድረስ ዕቃው ወደ ምርት ገብቶ ያለቀበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። እዚህ ግን ግዢ ክፍል ቢቸኩል፣ ሾፌሩ በር ላይ ቢጮህ፣ ግምጃ ቤት ኃላፊው ሊረዳቸው ቢፈልግ እንኳ ሲስተሙ ሰነዱን አያጸድቅም። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ አለኝ፤ «አግድ» እና «አስጠንቅቅ» የሚለው ምርጫ የሚደረገው ለሲስተሙ በሙሉ እንጂ ለየዕቃው አይደለም። ለኬሚካል ግብዓት ማገድ፣ ለካርቶን ማስጠንቀቅ የፈለገ ፋብሪካ ሁለቱን ለይቶ ማዘዝ አይችልም።

ወደ ዳኝነቱ ልግባ። ምሳሌ የማደርገው ሁላችንም የምናውቀውን ጥሬ ቡና ነው። የዓለም አቀፉ የቡና ድርጅት በውሳኔ ቁጥር 420 ላይ ለውጭ ገበያ የሚቀርብ ጥሬ ቡና የእርጥበት መጠኑ ከ8 በመቶ እንዳያንስና ከ12.5 በመቶ እንዳይበልጥ ያሳስባል። ይህንን በቴምፕሌቱ ላይ ማስፈር ቀላል ነው፤ ባሕርይ፦ እርጥበት፣ ዝቅተኛ ወሰን 8፣ ከፍተኛ ወሰን 12.5። አሁን አንድ መኪና ቡና ገባ እንበል፤ መርማሪው ከአምስት ጆንያ ናሙና ወስዶ በእርጥበት መለኪያው ሲያነብ 11.2፣ 11.4፣ 11.3፣ 13.1 እና 11.0 አገኘ። ሲስተሙ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ከወሰኑ ጋር ያስተያያል፤ አራተኛው ስላለፈ ረድፉን ቀይ አድርጎ «ውድቅ» ይላል፣ ሰነዱም አብሮ ይወድቃል።

ይህ ፍርድ ትክክል ነው። እርጥበት ከጆንያ ወደ ጆንያ በቀላሉ እየተዘዋወረ የሚካፈል ነገር አይደለም፤ 13.1 የተነበበበት ጆንያ ጎረቤቱ 11.0 ስለሆነ ብቻ በመጋዘን ውስጥ ሻጋታ ከማብቀል አይድንም። ሻጋታው ደግሞ ኦክራቶክሲን ኤ የተባለውን መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ የአውሮፓ ኅብረት ከ2023 ጀምሮ በተቆላ ቡና ላይ የፈቀደው የዚህ መርዝ መጠን በኪሎ ግራም 3 ማይክሮግራም ብቻ ነው። ስለዚህ ለእርጥበት «እያንዳንዱ ንባብ በወሰኑ ውስጥ ይሁን» የሚለው የሶፍትዌሩ መደበኛ ደንብ ከጉዳዩ ባሕርይ ጋር ይገጥማል።

ኢአርፒኔክስት ከዚህ ሌላ በቀመር የመዳኘት ምርጫም አለው። በረድፉ ላይ ምልክት ሲደረግ ዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰኖቹ ይነሡና በምትካቸው ቀመር ይጻፋል፤ በቀመሩ ውስጥ እያንዳንዱን ንባብ በተራ ቁጥሩ መጥራት ወይም የተሞሉትን ንባቦች አማካይ መጠቀም ይቻላል። ችሎታው ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ቴምፕሌቱን የሚያዘጋጀው ሰው የጥራት ባለሙያ ካልሆነ ብዙ ያጠፋል። ከላይ ያየናቸውን አምስት ንባቦች እንውሰድ። አንድ የአይቲ ባለሙያ ለአሠራር እንዲመች ብሎ «አማካዩ ከ12.5 አይበልጥ» የሚል ቀመር ቢጽፍ፣ አማካያቸው 11.6 ስለሆነ ጭነቱ በሙሉ በአረንጓዴ ያልፋል። በቁጥሮቹ ውስጥ ምንም ውሸት የለም፤ መለኪያውም አልተሳሳተም፤ መርማሪውም የጻፈው ያየውን ነው። እርጥቡ ጆንያ ግን ገብቷል።

ታዲያ አማካይ መጥፎ ነው ማለት ነው? አይደለም። የታሸገ ውሃን እንይ። የዓለም አቀፉ የሕጋዊ ሥነ ልክ ድርጅት አር 87 በተባለው ሰነዱ ላይ ታሽገው ለሚሸጡ ዕቃዎች ያስቀመጠው መርሕ በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር ይጠይቃል። የሎቱ፣ ማለትም በአንድ ላይ የሚመረመረው የዕቃ ስብስብ፣ አማካይ መጠን በመለያው ላይ ከተጻፈው እንዳያንስ፤ ከተፈቀደው ጉድለት በላይ የጎደለባቸው ጥቅሎች ከተወሰነ ቁጥር እንዳይበልጡ፤ የተፈቀደውን ጉድለት እጥፍ አልፎ የጎደለ ጥቅል ደግሞ አንድም እንዳይገኝ። ለ1 ሊትር ጠርሙስ የተፈቀደው ጉድለት 15 ሚሊ ሊትር ነው። እንግዲህ 985 እና 970 ሁለቱ መስመሮች ናቸው፤ 1000 ደግሞ የአማካዩ መስመር ነው።

ይህንን ደንብ በዝቅተኛና ከፍተኛ ወሰን ብቻ መግለጽ አይቻልም። ዝቅተኛውን ወሰን 1000 ብናደርገው 996፣ 1004፣ 1002፣ 999 እና 1003 የተለኩባቸው ጠርሙሶች ይወድቃሉ፤ አማካያቸው 1000.8 በመሆኑና አንዳቸውም ወደ 985 ስላልቀረቡ በመርሑ መሠረት ጥፋት የለባቸውም። ዝቅተኛውን ወሰን ወደ 985 ብናወርደው ደግሞ የባሰ ይመጣል፤ 988፣ 990፣ 987፣ 991 እና 989 ሁሉም ያልፋሉ፣ አማካያቸው ግን 989 ነው። ይህ ማለት እያንዳንዱ ጠርሙስ ከገዢው ላይ ወደ 11 ሚሊ ሊትር ገደማ ወስዶ «ተቀባይነት አለው» ተብሎ ከፋብሪካ ይወጣል ማለት ነው። ለዚህ ዕቃ ቀመር የግድ ነው፤ ቀመሩም አማካዩን ብቻ ሳይሆን እያንዳንዱን ንባብ በስሙ እየጠራ ከመስመሩ ጋር ማስተያየት አለበት። አሥር ንባብ ላለው ረድፍ ይህ ረጅም ዐረፍተ ነገር ይሆናል፣ አንዱን ቁጥር መዝለልም ቀላል ነው። ሌላው መንገድ አንዱን ባሕርይ በሁለት ረድፍ መጻፍ ነው፤ አንደኛው በወሰን፣ ሁለተኛው በአማካይ ይዳኛል። ይህም ይሠራል፤ ግን መርማሪው ያንኑ ቁጥር ሁለት ጊዜ እንዲጽፍ ስለሚያስገድደው የመሳሳት ዕድሉን ያሰፋል።

በዚህ ረገድ ኤስኤፒ በተባለው የጀርመን የድርጅት ሥራ አመራር ሶፍትዌር ውስጥ ያለው የጥራት ሞጁል በሐሳቡ የተሻለ መሆኑን መካድ አይቻልም። እዚያ ቁጥሩን መመዝገብ፣ ቁጥሩን መመዘንና ዕቃው ምን ይሁን ብሎ መወሰን ሦስት የተለያዩ እርምጃዎች ናቸው። ስንት ናሙና እንደሚወሰድና ውጤቱ በምን ስልት እንደሚመዘን የሚወስነው የናሙና አሠራሩ ነው፤ ከወሰን ውጭ በሆኑ ናሙናዎች ብዛት፣ በአማካይ ወይም በስርጭት ላይ በተመሠረተ ስሌት ሊሆን ይችላል። ሁሉም ባሕርያት ከተመዘኑ በኋላ ኃላፊነቱ ያለው ሰው በኮድ ውሳኔ ይሰጣል፤ ባሕርዩ ወድቆም እያለ ዕቃው በልዩ ፈቃድ ሊያልፍ ይችላል፣ ልዩነቱም ተመዝግቦ ይቀራል። ኢአርፒኔክስት እነዚህን ሦስቱን ወደ አንድ አመልካች ጨፍልቋቸዋል። ይህን ስል ግን የኤስኤፒን ዋጋና ለመትከል የሚጠይቀውን የባለሙያ ብዛት የሚያውቅ ሰው ንጽጽሩ ለትልልቆቹ ብቻ ውሃ የሚያነሳ መሆኑን ይረዳልኛል።

የናሙና ብዛት ሌላው ደካማ ጎን ነው። የዓለም አቀፉን የደረጃዎች ድርጅት (አይኤስኦ) የናሙና ምርመራ ደረጃ፣ አይኤስኦ 2859 ክፍል 1ን፣ የሚከተል ፋብሪካ ከ501 እስከ 1200 ላለ ሎት በመደበኛው የምርመራ ደረጃ 80 ናሙና ይወስዳል፤ የተቀባይነት የጥራት ወሰኑ 2.5 በመቶ ከሆነ ጉድለት ያለባቸው እስከ 5 ቢሆኑ ሎቱ ያልፋል፣ 6 ከሆኑ ይወድቃል። በኢአርፒኔክስት ረድፍ ላይ ያሉት ሳጥኖች ግን 10 ናቸው፣ «አምስት ድረስ ይታለፋል» የሚል ቦታም የላቸውም። በሰነዱ ላይ የናሙና መጠን የሚጻፍበት ቦታ አለ፤ ሆኖም ከንባቦቹ ብዛት ጋር አይተሳሰርም። ናሙናው 10 ነው ተብሎ ሦስት ሳጥን ብቻ ቢሞላ ሲስተሙ የተሞሉትን ሦስቱን አይቶ ይፈርዳል፣ ባዶዎቹን ያልፋቸዋል። በወረቀት ፎርም ላይ ባዶ ቦታ የተቆጣጣሪውን ዓይን ይስባል፤ እዚህ ግን አረንጓዴው ቀለም ባዶውን ይሸፍነዋል። ለኔ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

መፍትሔ የለውም ማለቴ አይደለም። ጉድለትን በመቁጠር ለሚዳኝ ነገር ሁሉ፣ የሚገባው ቁጥር የየናሙናው ልኬት ሳይሆን የጉድለቶቹ ብዛት እንዲሆን ማድረግ ይቻላል፤ «ጉድለት ያለባቸው ብዛት» የሚል ባሕርይ ይፈጠርና ከፍተኛ ወሰኑ 5 ይደረጋል። ለቡናም ይኸው አካሄድ በጣም ይስማማል፤ በዚያው ውሳኔ ቁጥር 420 መሠረት ለአረቢካ በ300 ግራም ናሙና ውስጥ ከ86 የማይበልጥ ጉድለት ስለሚታሰብ፣ አንድ ረድፍ፣ አንድ ሳጥንና 86 የሚል ወሰን ይበቃዋል። ነገር ግን 80 ጠርሙስ ለክቶ አንድ ቁጥር ብቻ ያስገባ ፋብሪካ ሰማንያውንም ልኬት ከሲስተሙ ውጭ አስቀምጧል ማለት ነው። የት እንደሚያስቀምጣቸው ከወዲሁ ካልወሰነ ደግሞ፣ አቤቱታ በመጣ ጊዜ የሚያሳየው ነገር አይኖረውም።

በወሰኑ ጠርዝ ላይ ስለሚወድቁ ቁጥሮች ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል፤ ክርክር የሚነሣው እዚያ ነውና። ሲስተሙ 12.5ን ይቀበላል፣ 12.51ን ይጥላል፤ የተጻፈለትን እንጂ ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘ አያውቅም። መጋዘን ላይ ያለው በእጅ የሚያዝ መለኪያ የሚያሳየው አንድ አሥርዮሽ ብቻ ከሆነና በላቦራቶሪ ደግሞ በአይኤስኦ 6673 መሠረት በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ደርቆ የተመዘነው ናሙና ሁለት አሥርዮሽ ከሰጠ፣ አንዱ ቡና በአንዱ ገጽ አልፎ በሌላው ይወድቃል። ስንት አሥርዮሽ እንደሚጻፍና ማጠጋጋቱ ከማስተያየቱ በፊት ይሁን በኋላ፣ በጽሑፍ ተወስኖ መርማሪው ሁሉ ሊያውቀው ይገባል፤ ሶፍትዌሩ ይህንን አይጠይቅም።

ከማጠጋጋቱ የሚከብደው የልኬት እርግጠኛ አለመሆን ነው። የመለኪያው የካሊብሬሽን (የትክክለኛነት ፍተሻ) ሰርተፊኬትና የናሙና አወሳሰዱ ተደምረው ውጤቱ በ0.3 ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሊዛነፍ እንደሚችል ካሳዩ፣ 12.4 የተነበበበት ቡና በእርግጥ ከ12.5 በታች ነው ማለት አይቻልም። ላቦራቶሪዎች የሚመሩበት አይኤስኦ 17025 በ2017 እትሙ ውጤት ከመስፈርት ጋር ይስማማል ወይም አይስማማም የሚል ላቦራቶሪ የሚጠቀምበትን የውሳኔ ደንብ በጽሑፍ እንዲያስቀምጥ ያስገድዳል። የተለመደው መንገድ የጥንቃቄ ህዳግ መተው ነው፤ መስፈርቱ 12.5 ቢሆንም የመቀበያው ወሰን 12.2 ይሆናል። በኢአርፒኔክስት ቴምፕሌት ላይ 12.2 ብሎ መጻፍ ይቻላል፤ ችግሩ ግን ሁለቱ ቁጥሮች የሚቀመጡባቸው የተለያዩ ቦታዎች የሉም። ከዓመት በኋላ ቴምፕሌቱን የከፈተ አዲስ ሠራተኛ 12.2 ከየት እንደመጣ የሚነግረው የለም፤ «ተሳስተዋል» ብሎ ወደ 12.5 ቢመልሰውም አይፈረድበትም። ንባቡ በየትኛው መለኪያ እንደተወሰደና የመለኪያው ካሊብሬሽን መቼ እንደሚያበቃ የሚያያይዝ ቦታም እንደዚሁ በመደበኛው ቅጽ ላይ የለም። ደግነቱ ሶፍትዌሩ ኮድ ሳይነካ አዲስ መስክ ለመጨመር ይፈቅዳል፤ «የመስፈርት ወሰን» እና «የመለኪያው መለያ ቁጥር» የሚሉ ሁለት መስኮች መጨመር የአንድ ሰዓት ሥራ እንኳ አይደለም። የሚተክላችሁን ባለሙያ ይህንን ከመጀመሪያው ቀን አስጨምሩት።

በእጅ መዳኘት የሚባል ምልክትም አለ። ምልክቱ ሲደረግ ሲስተሙ ራሱ መፍረዱን ያቆምና መርማሪው የፈለገውን ይመርጣል። ለቅምሻ፣ ለሽታ፣ ለቀለም አስፈላጊ ነው፤ ለተለካ ቁጥር ግን አደገኛ በር ነው። 13.1 ከነቁጥሩ ተጽፎ፣ ምልክቱ ተደርጎ፣ «ተቀባይነት አለው» ሊባል ይችላል። ሶፍትዌሩ የመስኮችን ፈቃድ በደረጃ መለየት ስለሚያስችል፣ ይህን ምልክት መርማሪው እንዲያየው እንጂ እንዳይነካው፣ የጥራት ኃላፊው ብቻ እንዲነካው ማድረግ ይቻላል። ይህን ሳያደርጉ ሥራ መጀመር እገዳውን ትርጉም ማሳጣት ነው። በአንጻሩ አንድ ጊዜ የጸደቀ ሰነድ ተሰርዞ በአዲስ ቅጂ ካልሆነ በቀር አለመስተካከሉና የተሰረዘውም በቦታው መቅረቱ ለኦዲት የሚመች ሥርዓት ነው።

ከወደቀ በኋላስ? እዚህ ላይ ሶፍትዌሩ ዝም ይላል። በገቢ ሰነዱ ላይ የተቀበልነውንና የጣልነውን ብዛት ለይቶ መጻፍ፣ የተጣለውንም ወደ ሌላ መጋዘን ማስገባት ይቻላል፤ ይህን የሚያደርገው ግን ሰው ነው፣ ከምርመራው ሰነድ ተነሥቶ በራሱ የሚከፋፍል ነገር የለም። የወደቀ ምርመራ የአለመስማማት ሪፖርት፣ ማለትም ዕቃው መስፈርቱን አለማሟላቱን የሚመዘግብ ሰነድ፣ በራሱ አይከፍትም፤ አቅራቢው እንዲያውቀው፣ የእርምት እርምጃ እንዲወሰድ የሚፈልግ ሰው ራሱ ሄዶ ይከፍታል።

የተለኩ ቁጥሮች ትልቁ ጥቅም ደግሞ የዛሬውን ዕቃ መፍረድ ብቻ አይደለም፤ የነገውን መጠቆም ነው። አሜሪካዊው የስታቲስቲክስ ሊቅ ዋልተር ሸዋርት በ1924 የመጀመሪያውን የቁጥጥር ቻርት፣ ማለትም ልኬቶች በጊዜ ቅደም ተከተል እንዴት እንደሚሄዱ የሚያሳየውን ሥዕል፣ የነደፈው ለዚህ ነበር። የመሙያ ማሽኑ በተከታታይ ፈረቃዎች አማካዩ 1006፣ 1005፣ 1003፣ 1002፣ 1001 እያለ ቢወርድ፣ እያንዳንዱ ሰነድ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ ማሽኑ ወደ ችግር እየሄደ ነው። ኢአርፒኔክስት የቁጥጥር ቻርት የለውም፤ የሂደት ብቃትን፣ ማለትም ምርቱ በወሰኑ ውስጥ የመቆየት አቅሙን፣ የሚያሰላ ክፍልም የለውም። የምርመራዎች ማጠቃለያ ሪፖርት አለው፣ እርሱም ለክትትል እንጂ ለትንተና አይበቃም። ቁጥሮቹን ወደ ኤክሴል ማውጣት ይቻላል፤ ነገር ግን ንባቦቹ በአሥር የተለያዩ ዓምዶች ስለሚቀመጡ ቻርት ከመሥራት በፊት ወደ አንድ ዓምድ መገልበጥ ያስፈልጋል። የስታቲስቲክስ ዕውቀት ያለው አንድ ሰው ያለው ክፍል ይህን ይወጣዋል፤ የሌለው ግን ቁጥሮቹን ሲያከማች ይኖራል።

ስለ አጠቃቀሙ ጥቂት ልበል። በግቢ ውስጥ ባለ ሰርቨር ላይ መትከል የሚቻል መሆኑ፣ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ሥራው በውስጥ ኔትወርክ እንዲቀጥል ስለሚያደርግ ለእኛ ሁኔታ ትልቅ ነገር ነው። ገጹ በታብሌትም ይከፈታል፤ ሆኖም አሥር ትንንሽ ሳጥኖችን በጓንት መሙላት አድካሚ ስለሆነ፣ ብዙ ቦታ መርማሪው በወረቀት ጽፎ ከሰዓት በኋላ ቢሮ ገብቶ ይገለብጣል። ያን ጊዜ እገዳው ጥቅሙን ያጣል፤ ዕቃው የሚጠብቀው ልኬቱን ሳይሆን ጽሑፉን ይሆናልና። የአማርኛ ገጽታው ምርጫ ውስጥ አለ፣ የአንዳንድ ቃላት ትርጉም ግን ለሥራው ባዕድ ስለሆነ ሠራተኞች በእንግሊዝኛው ቢሠለጥኑ ይሻላል፤ የራሳችሁን ባሕርያት ስም ግን በአማርኛ መጻፍ ይቻላል፣ መርማሪውም የሚያነበው እነርሱን ነው።

ፍርዴ እንዲህ ነው። ገቢ ዕቃን በጥቂት ናሙና ለሚመረምር፣ ወሰኑ ግልጽ ለሆነ፣ እስካሁንም በወረቀት ለሚሠራ የዱቄት፣ የዘይት፣ የቡና ወይም የፕላስቲክ ድርጅት ይህ ክፍል በደንብ ይበቃል፤ ወደፊትም የተሻለ ነገር ቢፈልግ የሚያጣው ብዙ ገንዘብ የለም። ውጤቱን ለሦስተኛ ወገን በሰርተፊኬት ለሚሰጥ ላቦራቶሪ ግን አልመክረውም፤ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቅሎችን በሰዓት ለሚሞላ መስመርም ብቻውን አይበቃም፣ ከጎኑ የስታቲስቲክስ መሣሪያ ያስፈልገዋል።

ውል ከመፈረማችሁ በፊት የሚተክለውን ባለሙያ በእናንተው ዕቃ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፤ ያለፈው ዓመት ያከራከራችሁን አንድ ሎት ውጤት ስጡትና እፊታችሁ ያስገባው። በጠርዙ ላይ የወደቀውን ቁጥር፣ ሦስት ሳጥን ብቻ የተሞላበትን ረድፍ፣ ምልክቱ በእጅ የተደረገበትን ሰነድ አስሞክሩት። በእያንዳንዱ ላይ ሲስተሙ የሰጠው ፍርድ የጥራት ኃላፊያችሁ ከሚሰጠው ጋር ካልገጠመ፣ ቴምፕሌቱንና ፈቃዶቹን ማስተካከሉ በማን ወጪ እንደሚሆን በውሉ ላይ ይጻፍ።